ራዲዮውን ማን ይሰማዋል፣ ያደላልስ? ለሰሜን ሸዋ የአድማጭ ጥናት አዘጋጆች

በደብረ ብርሃን ሻይ ቤቶችም ሆነ በመሐል ሜዳ ገበያ ስለ ራዲዮ ጣቢያዎች የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ያደባልቃል። የመጀመሪያው «ጣቢያውን ስንት ሰው ይሰማዋል?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ጣቢያው ወደ አንድ የፖለቲካ ወገን ያደላል?» የሚለው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሕዝቡ ጣቢያውን ያደላል ብሎ ያስባል?» የሚለው ነው። ጥያቄዎቹ ቢመሳሰሉም መልሳቸው የሚገኘው በተለያየ መንገድ ነው። የአድማጩን ቁጥር የሚነግረን አድማጩ ራሱ ነው፤ አድልዎ መኖር አለመኖሩን የሚነግረን በአየር ላይ የዋለው ቃል ነው፤ የሕዝቡ ስሜት ከምን እንደመጣ የሚታወቀው ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርገው ሲነጻጸሩ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን እንዲህ ያለ ጥናት ለማካሄድ ለሚያስቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የጣቢያ ባልደረቦችና የሲቪክ ማኅበራት ሲሆን፣ ብዙ ገንዘብ ሳይፈስ በጥቂት ሰዎች፣ በደብተርና በመቅረጫ ሊሠራ የሚችለውን ያሳያል።

ሞገዱ የሚደርስበትን ማወቅ

ሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላው፣ ሜዳና ገደሉ በአንድ ቀን መንገድ የሚፈራረቅበት አገር ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ በአብዛኛው እንደ ዓይን ዕይታ በቀጥታ ስለሚጓዝ ተራራ ሲጋርደው ከተራራው ጀርባ ያለ ሰው በቀላሉ አያገኘውም። ደብረ ብርሃን ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ሊቆራረጥ፣ በጀማ ሸለቆ ውስጥም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። መካከለኛና አጭር ሞገድ ግን ሩቅ ይደርሳሉ፤ ጥራታቸው ግን በቀንና በሌሊት ይለያያል። ስለዚህ የመርሐቤቴ ወይም የቀወት ገበሬ «ያንን ጣቢያ አልሰማም» ሲል ጠልቶት ይሁን አጥቶት ሳይለዩ መልሱን መቁጠር ጥናቱን ከመነሻው ያበላሸዋል።

መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ተንቀሳቃሽ ራዲዮ ይዘው ወደ ተመረጡት ቀበሌዎች ይሂዱ። በእያንዳንዱ ቀበሌ ቢያንስ በሦስት ቦታ፣ ማለትም በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ አካባቢና ራቅ ባለ አንድ ጎጥ ቆመው እያንዳንዱን ጣቢያ «ጥርት ብሎ ይሰማል»፣ «እየተቆራረጠ ይሰማል» ወይም «የለም» በማለት ይመዝግቡ፤ ሙከራውንም ጧትና ማታ ይድገሙት። በስልክ የሚያደምጥ ሰው ብዙ ስለሆነ በስልክም መሞከር ያስፈልጋል፤ ስልክ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ እንደ አንቴና ስለሚጠቀም ሞገድ የመያዝ አቅሙ ከራዲዮ የተለየ ነው።

የጣቢያዎቹ ዝርዝርም ከአጥኚው ግምት ሳይሆን ከዚሁ ሙከራ መውጣት አለበት። በደብረ ብርሃን የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንና የፋና ኤፍ ኤም ስርጭቶች አሉ፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ራዲዮ ብሔራዊ አገልግሎት፣ ከአዲስ አበባ የሚነሡ ጣቢያዎች፣ እንዲሁም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ እንደሚያሰራጨው ዶይቼ ቬለ ያሉ የውጭ ጣቢያዎች ከዝርዝሩ ከተዘነጉ «የአገሬው ጣቢያ አንደኛ ነው» የሚል ውጤት መውጣቱ የማይቀር ነው፤ ውድድሩን ያጠበበው ግን መጠይቁ ነው። በይፋት ቆላ ኦሮምኛ የሚያደምጡ ሰዎች ስላሉ የአማርኛ ጣቢያዎችን ብቻ መዘርዘርም ተመሳሳይ ስሕተት ነው።

ስለ ትናንት መጠየቅ

«ዘወትር የትኛውን ጣቢያ ይሰማሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ የሚያከብረውን ጣቢያ ነው፤ በእርግጥ የሚሰማው ሌላ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ በባጃጅ ውስጥ ሙዚቃና የስፖርት ወሬ ሲሰማ የዋለ ወጣት ለእንግዳ ጠያቂ «ዜና ነው የምሰማ» ቢል አያስገርምም። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ትናንት ብቻ ይሁን። መላሹን ከትናንቱ ውሎው ጋር ማስተሳሰርም ይጠቅማል፤ ለምሳሌ «እማማ፣ ትናንት ጧት ከብቶቹ ሲወጡ ቤት ውስጥ ራዲዮን ተከፍቶ ነበር?» ብሎ መጀመር፣ ከዚያም ቡና ሲፈላ፣ ገበያ ሲወረድ፣ እራት ሲቀርብ እያሉ ቀኑን ደረጃ በደረጃ መከተል ይቻላል። ብዙ ሰው የጣቢያውን የሞገድ ቁጥር አያውቀውም፤ «የዚያች የምትስቀው ልጅ ጣቢያ» ብሎ በአዘጋጇ ይጠራዋል። የየጣቢያውን የመለያ ድምፅ በስልክ ቀርጾ ይዞ በመሄድ ማሰማት ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ድምፆቹ የሚሰሙበት ቅደም ተከተል ግን ከመላሽ መላሽ ይቀያየር፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ጣቢያ ሳይገባው ይጠቀማልና።

ቀኑ በ15 ደቂቃ ይከፈል። ሙሉ ቀን 96 ሩብ ሰዓቶች ይኖሩታል። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተለመደው አቆጣጠር በአንዱ ሩብ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 5 ደቂቃ ያደመጠን ሰው የዚያ ሩብ ሰዓት አድማጭ ይለው ነበር፤ ይህንን ወሰን እንዳለ መውሰድ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ግን ለሁሉም ጣቢያ አንድ ወሰን መጠቀም ነው። ሰዓት ሲጻፍ «2 ሰዓት» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ «ጧት 2» ወይም «ማታ 2» ይባል። በስልክ የሚሞሉ ቅጾች በአብዛኛው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምሩ የእኛን ጧት 2 ሰዓት 8 አድርገው ነው የሚያውቁት። ጠያቂዎቹ አንዱ በአገሩ፣ አንዱ በፈረንጁ አቆጣጠር ሲሞሉ የጧት ዜና አድማጭ ወደ ሌሊት ይዛወራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሁሉም በአንድ ልማድ ይስማሙ።

የሚቆጠረው ሰው እንጂ ራዲዮ እንዳልሆነ በጥብቅ መያዝ ያስፈልጋል። እኔ ባደግሁበት የመንዝ መንደር የአንድ ሰው ራዲዮ የጎጡ ሁሉ ራዲዮ ነበር፤ ባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ በፀሐይ ተሰጥቶ እንደገና ይሞከር ነበር፤ የራዲዮውን ባለቤት ብቻ የጠየቀ ሰው አሥሩን አድማጭ በአንድ ይቆጥረው ነበር። ዛሬም ፀጉር አስተካካይ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ፣ በሚኒባስና በባጃጅ ሌላው የከፈተውን የሚሰማ ሰው ብዙ ነው፤ «ራዲዮ አለዎት?» ብሎ መጀመር ይህን ሁሉ ሰው ያስቀራል።

ሌላው የተለመደ ጉድለት አባወራው ለቤተሰቡ ሁሉ መልስ መስጠቱ ነው። ከቤቱ ውስጥ ማን እንደሚጠየቅ ጠያቂው ወይም አባወራው ሳይሆን ዕጣ ይወስን፤ ከ15 ዓመት በላይ ካሉት የቤተሰቡ አባላት መካከል የልደት ቀኑ ቅርብ የሆነውን መምረጥ ይቻላል፤ የልደት ቀን በማይታወቅበት ቤት ግን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ማውጣት ይሻላል። ሴቶችን ሴት ጠያቂ ብታነጋግር መልሱ ይፈታል።

አንድ ነገር ከራሴ ልምድ ልጨምር። ከዓመታት በፊት የተሳተፍኩበት የአድማጭ ጥናት ላይ አንድ ጣቢያ ለጠያቂዎቹ የራሱ ምልክት የታተመባቸውን ቦርሳዎች በቅንነት አውሶን ነበር። ቦርሳውን አንግተን በገባንባቸው ቀበሌዎች ሁሉም ሰው የዚያ ጣቢያ አድማጭ ሆኖ አገኘነው፤ ሰዎቹ እንግዳ ማስከፋት አልፈለጉም ነበር። የሦስት ቀበሌ መጠይቅ እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። ጠያቂ የጣቢያም፣ የመሥሪያ ቤትም ምልክት ይዞ አይግባ፤ የቀበሌ ሹምም ከጎኑ አይቁም።

ከየት ስንት ሰው

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1,837,490 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ የከተማ ነዋሪው ከመቶ 12 አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን በፋብሪካና በነዋሪ እጅግ ስላደገች አዲሱን ግምት ከዞኑ ወይም ከከተማው አስተዳደር መውሰድ ይገባል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሕዝብ ገጠር መሆኑ አልተለወጠም። ጠያቂዎች ግን የሚቀናቸው መኪና በሚደርስበት ከተማ መሥራት ስለሆነ ናሙናው ወደ ከተማ ያመዝናል፤ ይህ መታረም አለበት። ለምሳሌ ያህል በከተማ ከ100 መላሾች 60ዎቹ፣ በገጠርም ከ100 መላሾች 20ዎቹ አንድን ጣቢያ ትናንት ሰምተዋል እንበል። ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሰው «ከመቶ 40 ሰው ይሰማዋል» ይላል። ከተማውን 12፣ ገጠሩን 88 አድርጎ ክብደት የሚሰጥ ሰው ግን ወደ 25 የሚጠጋ ቁጥር ያገኛል። ልዩነቱ አንድን ጣቢያ ከአንደኛነት ወደ ሦስተኛነት ሊያወርደው ይችላል።

በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች ሲጠየቁ የውጤቱ መዋዠቅ ወደላይም ወደታችም በግምት 5 ነጥብ ነው፤ ለ100 ሰዎች ወደ 10 ይሰፋል፤ ለ1,000 ሰዎች ወደ 3 ይጠባል። ይህ ስሌት ሰዎቹ አንድ በአንድ ከመላው ዞን ተበታትነው ሲመረጡ የሚሠራ ነው። በተግባር ግን የምንሄደው ወደ ጥቂት ቀበሌዎች ሲሆን፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች አንድ ሞገድ ስለሚጋሩ መልሳቸው ይመሳሰላል፤ 400 መላሾች የ200 ያህል ዋጋ ብቻ ሊኖራቸው፣ መዋዠቁም ወደ 7 ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ በጥቂት ቀበሌዎች ብዙ ሰው ከመጠየቅ በብዙ ቀበሌዎች ጥቂት ጥቂት ሰው መጠየቅ የተሻለ ነው፤ 40 ቀበሌ ገብቶ ከእያንዳንዱ 10 ሰው ማነጋገር 10 ቀበሌ ገብቶ 40 ከማነጋገር ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ 32 ያገኘ ጣቢያ 28 ያገኘውን «በለጠው» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ቁጥሩ ራሱም ሁለት ዓይነት ነው። ተደራሽነት ጣቢያውን በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜም ቢሆን የሰሙ ሰዎች ብዛት ነው፤ ድርሻ ግን ከጠቅላላው የማዳመጫ ጊዜ ለጣቢያው የደረሰው ነው። አንዱን ጣቢያ 50 ሰዎች ለ15 ደቂቃ ዜና ብቻ ቢሰሙት፣ ሌላውን ደግሞ 20 ሰዎች ለአንድ ሰዓት ቢሰሙት፣ በተደራሽነት የመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል፤ በጊዜ ሲለካ ግን የመጀመሪያው 12 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው 20 ሰዓት ይሆናል፤ የሁለተኛው ድርሻ ከመቶ 62 ገደማ ነው ማለት ነው። ሁለቱም ጣቢያዎች «አንደኛ ነን» ቢሉ ሁለቱም አልዋሹም፤ የትኛውን መለኪያ እንደተጠቀሙ አለመናገራቸው ነው ጥፋቱ።

በአየር ላይ የዋለውን መመዘን

ወደ ወገንተኝነት ጥያቄ ስንገባ የመጀመሪያው ሥራ የተባለውን መቅረጽ ነው። አንድ ሳምንት ተከታታይ መቅረጽ አደገኛ ነው፤ በዚያ ሳምንት ትልቅ ስብሰባ ወይም በዓል ቢገጥም ስርጭቱ ሁሉ የዚያ ይሆናል። ይልቅ ሰኞን ከመጀመሪያው ሳምንት፣ ማክሰኞን ከሁለተኛው፣ ረቡዕን ከሦስተኛው እያሉ በሰባት ሳምንት ውስጥ አንድ ሙሉ ሳምንት መገጣጠም ይሻላል። ከዚያም እያንዳንዱ ዜና ወይም ውይይት በአንድ መስመር ይመዝገብ፤ ሰዓቱ፣ ርእሰ ጉዳዩ፣ የወረዳው ስም፣ በራሱ ድምፅ የተሰማው ሰው ማንነትና ለስንት ሰከንድ እንደተናገረ፣ ስሙ የተነሣ ነገር ግን ድምፁ ያልተሰማ ሰው፣ የተወቀሰ ወገን ካለ መልስ የመስጠት ዕድል ማግኘቱ ይጻፍ።

የአማርኛ ዜና ሚዛን የሚያጋድልባቸው ቦታዎች በቋንቋው ሰዋስው ውስጥ ስላሉ ከሌላ አገር የተቀዳ ቅጽ አያገኛቸውም። የመጀመሪያው አክብሮት ነው። ባለሥልጣኑ «ገለጹ»፣ «አስገነዘቡ» ሲባል፣ በዕድሜ የሚበልጠው ገበሬ «ተናገረ» ከተባለ አድማጩ የማን ቃል እንደሚከብድ ሳይነገረው ይረዳል። አቶ ወይም ወይዘሮ የሚለው ለማን ቀርቶ ለማን እንደተሰጠ መቁጠር ቀላል ሥራ ነው። ሁለተኛው አድራጊውን የሚሰውር ግሥ ነው። «እርምጃ ተወሰደ»፣ «ጉዳት ደረሰ»፣ «ተፈናቀሉ» የሚለው ዜና ማን እንዳደረገው አይነግረንም፤ ጣቢያው አንዱ ወገን ሲያጠፋ አድራጊውን በስሙ እየጠራ፣ ሌላው ሲያጠፋ «ደረሰ» እያለ የሚያልፍ ከሆነ ይህ በቁጥር ሊያዝ የሚችል አድልዎ ነው። ሦስተኛው የመጠሪያ ቃል ነው፤ አንድን ታጣቂ ወይም ፓርቲ ራሱ በሚጠራበት ስም ወይስ ተቃዋሚው በሚጠራበት ስም እንደሚጠራው ይመዝገብ። አራተኛው የጥቅስ ግሥ ነው፤ አንዱ «አስታወቁ»፣ ሌላው «ሲሉ ወነጀሉ» ወይም «ይላሉ» ከተባለ፣ የፊተኛው እውነት፣ የኋለኛው ጥርጣሬ ሆኖ ይደመጣል። እነዚህን አራቱን ብቻ በጥንቃቄ የቆጠረ አጥኚ፣ ዜናውን «አዎንታዊ» ወይም «አሉታዊ» ብሎ በደምሳሳው ከመደበው ይልቅ ብዙ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አስተዳደሩ መንገድ ሲመርቅ፣ ማዳበሪያ ሲያከፋፍል፣ ስብሰባ ሲጠራ ዜና መሆኑ ተፈጥሯዊ ነው፤ የመንግሥት ኃላፊ ድምፅ በብዛት መሰማቱ ብቻውን አድልዎን አያረጋግጥም። ስለዚህ ኃላፊው ስለ መሥሪያ ቤቱ ሥራ ሲናገርና ስለ ፓርቲው ሲናገር በተለያየ ዓምድ ይመዝገብ። በምርጫ ዘመን ደግሞ ፓርቲዎች በተመደበላቸው የአየር ሰዓት የሚያስተላልፉት ቅስቀሳ የጣቢያው የራሱ ዝግጅት ስላልሆነ ለብቻው ይቀመጥ፤ ማስታወቂያና በስፖንሰር የተሠራ ፕሮግራምም እንዲሁ። ለመንግሥት ጣቢያ የመመዘኛው መነሻ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ይደነግጋል። ስለዚህ የሚጠየቀው የተለየ አስተያየት መስተናገዱ ነው እንጂ ሰከንዱ እኩል መከፈሉ አይደለም።

ያልተነገረውን መመዘን ከሁሉ ይከብዳል፤ ቢሆንም መንገድ አለው። በመጠይቁ መጨረሻ ላይ «በዚህ ሰሞን በአካባቢያችሁ ሰው ሁሉ የተነጋገረበት ጉዳይ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከተቀረጸው ዝርዝር ጋር ማስተያየት ነው። የውኃ መጥፋት፣ የማዳበሪያ ዋጋ ወይም የመንገድ መዘጋት በሁሉም ቀበሌ ተነሥቶ በሰባቱ ቀን ስርጭት አንድ ጊዜ እንኳ ካልተሰማ፣ ጉዳዩን ከወገን ጋር ሳያያይዙ ክፍተቱን እንዳለ መጻፍ ይገባል።

ምዘናው የአንድ ሰው ፍርድ እንዳይሆን ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንዱን ቅጂ ይመድቡት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ስሌት አለ። ሁለት መዳቢዎች ከ100 ዜና በ90ው ቢስማሙ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ዜናው «ሚዛናዊ» ወይም «ያዘነበለ» በሚሉ ሁለት ምድቦች ብቻ የሚመደብ ሆኖ ሁለቱም መዳቢዎች 80ውን «ሚዛናዊ» ካሉት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢመድቡ እንኳ በአጋጣሚ ብቻ በ68ቱ (64ቱን ሁለቱም «ሚዛናዊ»፣ 4ቱን ሁለቱም «ያዘነበለ» በማለት) ይስማሙ ነበር። ስለዚህ ከአጋጣሚ በላይ የቀረው ስምምነት ከ32ቱ 22 ነው፤ ይህም 0.69 ገደማ ይሆናል። በይዘት ጥናት ከ0.80 በላይ ሲሆን ውጤቱ ይታመናል፤ ከ0.67 በታች ከሆነ ለጊዜያዊ ድምዳሜም አይበቃም። ስምምነቱ ሲያንስ መዳቢዎቹን ከመውቀስ በፊት የምድቦቹን ትርጉም ማጥራት ይገባል። ከመዳቢዎቹ አንዱ ጣቢያውን የሚደግፍ፣ ሌላው የሚነቅፍ ቢሆን ደግሞ የሚገኘው ስምምነት የበለጠ ክብር አለው።

ስሜቱ ከየት እንደመጣ

እ.ኤ.አ. በ1985 ቫሎን፣ ሮስና ሌፐር የተባሉ ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 144 ተማሪዎችን በ1982 በቤይሩት ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የተላለፈ አንድ ዓይነት የቴሌቪዥን ዜና አሳዩአቸው። እስራኤልን የሚደግፉት ዜናው በእስራኤል ላይ ያደላል አሉ፤ ዐረቦቹን የሚደግፉት ደግሞ ለእስራኤል ያደላል አሉ። ያዩት አንድ ነው። ይህ ግኝት ለእኛም ትልቅ ትምህርት አለው፤ አድማጩ «ያደላል» ማለቱ ብቻውን ስለ ጣቢያው አይመሰክርም፤ ሁለቱም ወገን መክሰሱም ጣቢያው ሚዛናዊ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የሚታወቀው ከቅጂው ጋር ሲነጻጸር ነው።

በመጠይቁ ላይ «ጣቢያው ያደላል ብለው ያምናሉ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ለመላሹ አስቀድሞ ማቀበል ነው። ይልቅ ትናንት ወይም ባለፉት ሰባት ቀናት የሰሙትን አንድ ዝግጅት እንዲያስታውሱ ማድረግ፣ ከዚያም በቅደም ተከተል «ስለ ምን ነበር?»፣ «የማን ድምፅ ተሰማ?»፣ «መናገር የነበረበት ነገር ግን ያልተናገረ ሰው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በመጨረሻ ብቻ «እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሐሳብ በዚህ ጣቢያ ምን ያህል ይስተናገዳል?» ተብሎ ከ«በጭራሽ» እስከ «በደንብ» ባሉ አምስት ደረጃዎች ይመዝገብ። «አላውቅም» የሚል መልስም ሙሉ መልስ ነው፤ ጠያቂው መላሹን እያግባባ ወደ ሌላ ደረጃ አይግፋው።

መልሱ ሲደረደር መላሾቹ በሁለት ይከፈሉ፤ ጣቢያውን ባለፉት ሰባት ቀናት የሰሙና ያልሰሙ። ጣቢያውን አጥብቀው የሚወቅሱት ያልሰሙት ከሆኑ፣ የተለካው የጣቢያው ስም እንጂ የጣቢያው ስርጭት አይደለም፤ ወሬው ከፌስቡክ፣ ከቴሌግራም ወይም ከገበያ የመጣ ሊሆን ይችላል። የሰሙት ከሆኑ ግን የጠቀሱትን ዝግጅት ቀንና ሰዓት ይዞ ወደ ቅጂው መመለስ ግዴታ ነው። በእኔ አመለካከት ከጥናቱ ሁሉ ጠቃሚው ገጽ ይህ አድማጩ ያለውና ቅጂው የሚለው ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ሰንጠረዥ ነው፤ አዘጋጆች ከስሜታቸው ወጥተው ሥራቸውን የሚያዩበት መስተዋትም እርሱ ነው።

አቅም ካለ አንድ ትንሽ ሙከራ ማከል ይቻላል። ከቅጂው ሦስት ደቂቃ የሚሆን ዜና ተመርጦ በጣቢያው ባልደረባ ባልሆነ አንድ ሰው ድምፅ ይነበብና ይቀረጽ። ለእያንዳንዱ መላሽ ሳንቲም ይጣል፤ አንበሳ ከወጣ ዜናው ከየትኛው ጣቢያ እንደተወሰደ ተነግሮት ይስማ፣ ካልወጣ ሳይነገረው ይስማ፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቁ። በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ 50 ሰው ይኑር። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የጣቢያው ስም ብቻውን የሚያመጣው ነው። ዜናውን የሌላ ጣቢያ ነው ብሎ ማታለል ግን አይፈቀድም።

መላሹን መጠበቅ

ሰላም በደፈረሰበት አካባቢ ስለ ፖለቲካ የሚጠይቅ ደብተር ሰውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል፤ ይህን ሳያስቡ መጀመር ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው። ስም፣ ስልክ ቁጥርና የቤት ምልክት በመጠይቁ ላይ አይጻፍ፤ ከጎጥ በታች ያለ አድራሻም አያስፈልግም። የፓርቲ አባልነት፣ ብሔርና የድጋፍ ጥያቄ ጨርሶ ይቅር፤ «እንደ እርስዎ ያለ ሰው» የሚለው ጥያቄ ያለ እነርሱም ይሠራል። መላሹ ማቋረጥ እንደሚችል በመጀመሪያ ይነገረው፤ ሲያቋርጥም ለምን ተብሎ አይጠየቅ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ሰብሳቢ ላይ ግዴታ ስለሚጥል የጥናቱ መሪ አዋጁን አስቀድሞ ያንብበው። መንገድ በተዘጋበት ወይም ስጋት ባለበት ቀበሌ ጠያቂ አይላክ፤ የቀረው ቀበሌ በሌላ ሳይተካ «አልተጠየቀም» ተብሎ በሪፖርቱ ይጻፍ።

ውጤቱን ማውጣት

ሪፖርቱ መጠይቁ የተሞላበትን ቀናት፣ የመላሾቹን ብዛት፣ የቀበሌዎቹን ስም፣ እምቢ ያሉትን ቁጥር፣ የጥያቄዎቹን ሙሉ ቃልና ወጪውን የሸፈነውን አካል ይያዝ። ጥናቱን ከሚጠናው ጣቢያ አንዱ ከከፈለ ይህ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ። ከመታተሙ በፊት ረቂቁ ለሁሉም ጣቢያዎች በአንድ ቀን ይላክና የሁለት ሳምንት የመልስ ጊዜ ይሰጣቸው፤ የላኩት መልስም ሳይቆረጥ በአባሪነት ይውጣ። ጣቢያው በስሕተት ተመድቦብኛል የሚለውን ዜና ቢጠቁም ቅጂው እንደገና ይደመጥ፤ ስሕተት ከተገኘ ቁጥሩ ይታረም።

ሁለተኛው ዙር በዚያው መጠይቅ፣ በዚያው ቀበሌዎች፣ ግን በሌላ ወቅት ይደረግ። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ የሚሰበስብ ገበሬና በክረምት ቤቱ የተቀመጠ ገበሬ የማዳመጫ ሰዓታቸው አይገናኝም፤ በዐቢይ ጾም የሙዚቃ ዝግጅት አድማጭ ሊቀንስ ይችላል። በሁለቱ ዙሮች መካከል አዲስ ማሰራጫ ተተክሎ ወይም ነባሩ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጠያቂዎቹ ከመሰማራታቸው በፊት ያው የሞገድ ሙከራ በያዙት ራዲዮ እንደገና ይደረግ።